የባላባቱ ሸሚዝ ፎጣ ማቀበል ሲጀምር

ሳኪዩሳ በየቀኑ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ባላባት ይሆናል። ከዚያ በፊት እንደማንኛውም የፊጂዋ ናንዲ ከተማ ሰው ነው፤ የቆርቆሮ ዓሣ በካሳቫ ይበላል፣ ከጎረቤት ውሻ ጋር ይጣላል፣ አንዱ ማሰሪያው የተበጠሰ ሸበጥ ይጎትታል። ሦስት ሰዓት ተኩል ሲል ግን ሸበጡን ከባንኮኒው ሥር ይወረውርና፣ ከወገቡ በታች ጥቁር ሽርጥ፣ ከወገቡ በላይ ያንን ሸሚዝ ለብሶ፣ ጆሮው ላይ አበባ ሰክቶ፣ ሱቁ ደጃፍ ላይ ይገተራል። ደረቱን ይነፋል። ሆዱ ቀድሞት ተነፍቶ ይጠብቀዋል።

ሸሚዙ ሰማያዊ ነው። በሰማያዊው ላይ ቀያይ አበቦች፣ በአበቦቹ መሐል ቡናማ ኤሊዎች ይዋኛሉ። ከበሩ በላይ በተሰቀለው ሰሌዳ ላይም ይኸው ኤሊ ተስሎ «የባላባቱ ሸሚዝ» የሚል ተጽፏል። አራት ሰዓት ሲሞላ የቱሪስቶቹ አውቶቡስ ከባሕር ዳርቻው ሆቴሎች ጭኖ ይመጣና ለሃያ ደቂቃ ይቆማል፤ ከዚያ ወደ ጭቃው ይቀጥላል። ቱሪስቶቹ ከከተማ ወጣ ብሎ ባለ የፈላ ኩሬ ውስጥ ጭቃ ለመቀባት ገንዘብ ይከፍላሉ። ጭቃ ከፍሎ የሚቀባ ሰው ደግሞ ሸሚዝ ቢገዛ አያስደንቅም።

«ቡላ! ቡላ! ግቡ ወገኖቼ!» ይላል ሳኪዩሳ በአገሩ ሰላምታ። «ይህን ኤሊ ተራ ኤሊ እንዳታደርጉት። በአገራችን ኤሊ የሚበላው ባላባት ብቻ ነው። ይህንንም ሸሚዝ ሲለብስ የኖረው ባላባት ብቻ ነው። አያቴ በሞት አልጋው ላይ ሆኖ እጄን ጨብጦ፣ ሳኪዩሳ፣ ሸሚዙን ለሚገባው ሰው ብቻ ስጥ ብሎኛል።»

የሚገባው ሰው ማለት አርባ አምስት ዶላር የያዘ ሰው ነው። ሰውየው ሸሚዙን ሲለብስ ሳኪዩሳ እጆቹን አጉብጦ ሦስት ጊዜ በረጅሙ ያጨበጭብለታል፣ ትከሻውን ይይዘዋል፣ ዓይኑን ያረጥባል። «ከዛሬ ጀምሮ የወንዜ ሰው ነህ» ይለዋል። በደጉ ዘመን በሃያ ደቂቃ ውስጥ ሠላሳ ባላባት ይሾም ነበር። ባላባትነት በዓለም ዙሪያ ሲያጣጥር፣ በናንዲ ዋና መንገድ ላይ ከሕፃን መጠን ጀምሮ እስከ ወፍራም አውስትራሊያዊ ድረስ በመስቀያ ተሰቅሎ ይቸበቸብ ነበር።

የታሪኩ የመደብ ጀርባ ሲጣራ ግን እንዲህ ነው። አያቱ የሞቱት ሳኪዩሳ ገና ሊወለድ ሁለት ዓመት ሲቀረው ነው። ጎሳቸው ከጥንት ጀምሮ ኤሊ አጥማጅ ነው፤ አጥምደው፣ ተሸክመው፣ ለባላባቱ አስረክበው፣ ቤታቸው ገብተው ካሳቫ የሚበሉ ሰዎች። የሸሚዙን ኤሊ ደግሞ የሳለችው ሱባሽኒ ናት። ከብስኩት ቆርቆሮ ክዳን ላይ ነው የገለበጠችው። አበባው የቤቷ መጋረጃ ነው።

ሱባሽኒ ከሱቁ በስተኋላ፣ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ስፌት መኪናዋ ላይ የምትውል ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ስድሳ ዓመት አልፏታል፤ አራቱን ጥርሶቿንና አፏን ግን አላጣችም። ጠዋት ስትመጣ መጀመሪያ ከጓሮ ያለችውን ሽንት ቤት ታጥባለች፣ አዲስ ሳሙና ታስቀምጣለች፣ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ሁለት ነጭ አበባ ትነክራለች፤ ከዚያ በኋላ ነው መኪናዋን ዘይት የምታጠጣው። አሥራ አራት ዓመት እንዲህ አድርጋለች። ሳኪዩሳ ስለዚህ ነገር አንድ ቀን አመስግኗት አያውቅም። ባላባት ስለ ሽንት ቤት አያወራም።

አውቶቡሱን የሚነዳው ኢኖኬ የሳኪዩሳ ታቫሌ ነው፤ ማለትም የአባቱ እህት ልጅ። በፊጂ ከታቫሌ ጋር በትሕትና መነጋገር የሚያስጠረጥር ነገር ነው፤ ሁለት ታቫሌዎች ሳይሰዳደቡ ከዋሉ ቤት ውስጥ ሰው ታሟል ማለት ነው።

«እንዴት አደርክ፣ አንተ ኤሊ አጥማጅ!» ይላል ኢኖኬ ከመሪው ላይ።

«ደህና ነኝ፣ አንተ ፍሬን አልባ! ዛሬስ ስንት ዶሮ ገደልክ?»

«ሁለት። ሦስተኛዋ ያንተን ተረት እየሰማች ነበር፣ ራሷ ጎማው ሥር ገባች።»

እንዲህ ተባብለው ይሳሳቃሉ፤ ቱሪስቶቹም ሳይገባቸው ይስቃሉ፤ ከዚያ ይወርዳሉ።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ሹመቱ እየሳሳ ሄደ። ቱሪስቶቹ ሸሚዙን ያገላብጡና፣ በስልካቸው ፎቶ አንስተው፣ ራቅ ብለው ዋጋ ይፈልጋሉ። አንዷ እንዲያውም ሳኪዩሳ ስለ አያቱ የሞት አልጋ ሲተርክ መሐል ላይ አቋርጣ፣ «ይኸው ኤሊ ቤታችን አጠገብ በአሥራ ሁለት ይሸጣል» አለችው። ከሠላሳ ሰው አምስት ይገዛ ጀመር፤ ከዚያ ሦስት። ይባስ ብሎ ከወንዙ ማዶ ቀዝቃዛ አየር የሚነፍስበት፣ መስታወት በመስታወት የሆነ አዲስ የገበያ አዳራሽ ተከፈተ።

በዚህ መሐል የሕንፃው ባለቤት መጣች። ፈገግታ ከኪራይ የሚቀነስባት ይመስል ፈገግ የማትል ሴትዮ ናት። አራት ሰዓት ላይ መጥታ፣ አውቶቡሱ ሲቆም አይታ፣ ሲሄድ አይታ፣ ከዚያ ተናገረች።

«ሚስተር ሳኪዩሳ፣ ውላችን ለገና ያልቃል። ስልክ ጠጋኞች ቤቱን ስጪን እያሉኝ ነው። እኔ የማየው አንድ ነገር ነው። ያ አውቶቡስ እዚህ እስከቆመ ድረስ ሱቁ ያንተ ነው፤ አውቶቡስ ባለበት ንግድ አለ። መቆም ካቆመ ግን አንተም አትቆምም።»

«አውቶቡሱማ ወዴት ይሄዳል?» አለ ሳኪዩሳ ደረቱን ነፍቶ። «ታሪኩ ያለው እዚህ ነው!»

ከመጋረጃው ጀርባ ስፌት መኪናው ለቅጽበት ዝም አለ፤ ከዚያ ቀጠለ።

በሳምንቱ የኢኖኬ እናት፣ የሳኪዩሳ አክስት ቫሲሴቫ መጣች። ቫሲሴቫ ከባሕር ዳርቻው ሆቴሎች በአንዱ የጽዳት ሠራተኞች አለቃ ናት፤ ስትራመድ የወለሉ ሴራሚክ ራሱ ቀጥ ብሎ የሚሰለፍላት ሴት። ያን ዕለት ግን ወንበር እንቢ ብላ፣ እንደ ወጉ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፤ እጇን አጉብጣ ሦስት ጊዜ አጨበጨበች። ሳኪዩሳ ይህን ሲያይ አበባው ከጆሮው ወደቀ። ዘመድ በወግ ተቀምጦ ሲለምን እንቢ ያለ ሰው በሚቀጥለው ቀብር ላይ ብቻውን ይቆማል።

«ሳኪ ልጄ» አለች፣ «ሆቴላችን ሃያ ዓመት ሊደፍን ነው። ሠራተኛው በሙሉ አዲስ ካላቫታ ይለብሳል፤ ጨርቁን እናንተ ምረጡ ተብለናል። ሴቶቹ ሁሉ ያንን ኤሊህን ነው የወደዱት።»

ካላቫታ በዚህ አገር ቀልድ አይደለም። ለሠርግም፣ ለቀብርም፣ ለመዘምራንም ወገን የተባለ ሁሉ ከአንድ ጣቃ የተቆረጠ ልብስ ይለብሳል፤ ከሩቅ ሲያዩት አንድ ትልቅ አልጋ ልብስ የሚራመድ ይመስላል። ሆቴሎቹም ይህን አይተው ሠራተኞቻቸውን እንደዚያው ያለብሳሉ።

የሱባሽኒ ራስ ከመጋረጃው ብቅ አለ። «እመት ቫሲሴቫ፣ ሌላም ጨርቅ አለን እኮ። የጀልባው አለ፤ የኮኮናቱ አለ፤ ያ የኮኮናቱ እንዲያውም ለወፍራም ሰው ያምራል።»

«ኤሊው ነው ያሉት» አለች ቫሲሴቫ።

«ኤሊው ይሆናል!» አለ ሳኪዩሳ። ዓይኑ በርቷል። «ሱባሽኒ፣ ገብቶሻል? ሦስት መቶ ሰው! ሦስት መቶ ሰው ሸሚዜን ለብሶ ቀኑን ሙሉ በቱሪስት ፊት ሲመላለስ! ይህ እኮ ማስታወቂያ ነው! ወረፋው እስከ ወንዙ ይደርሳል!»

«ባላባቱ ሦስት መቶ ከሆነ» አለች ሱባሽኒ ክር በጥርሷ እየበጠሰች፣ «ሎሌው ማን ሊሆን ነው?»

አልሰማትም። የሚሰማ ቢሆን መጀመሪያውኑ ሱቅ አይከፍትም ነበር።

ለሦስት መቶው ሰው የሚበቃ ጨርቅ አዘዘ፤ በኋላ ለሚመጣው ወረፋ ብሎ ደግሞ ተጨማሪ አሥር ጣቃ ጨመረበት። ጨርቁ በጭነት መኪና መጥቶ ሲራገፍ ሱቁ ሞላ፣ የሱባሽኒ ክፍል ሞላ፣ ባንኮኒው ሥር ያለው ሸበጥ ሳይቀር ተቀበረ። ገና ግማሹ ደጅ መንገዱ ላይ ተከምሮ ነው።

«ሽንት ቤቱ አለ» አለ ሳኪዩሳ።

«ሽንት ቤቱማ አለ። ሥራ ላይ ነው።»

«ለአንድ ወር ብቻ ነው፣ ሱባሽኒ።»

«ፊኛህን ለአንድ ወር ልትቆልፈው ትችላለህ? ከቻልክ አሳየኝና እኔም አምናለሁ።»

«አንቺ ሴትዮ! ሰው ከባሕር ማዶ ድረስ የሚመጣው ለባህል ነው! ለታሪክ ነው! የሚሸናማ አገሩም ይሸናል!»

ሱባሽኒ ባቡሩን የነዳሁት እኔ ነኝ የሚል ሕፃን እንደሚያዩ አየችው። ከዚያ ሳሙናውን፣ ብርጭቆውንና ሁለቱን አበቦች አንስታ ወደ ስፌት መኪናዋ ወሰደች። ጣቃዎቹ ከወለል እስከ ጣሪያ ሽንት ቤቱ ውስጥ ተደረደሩ። ሳኪዩሳ በሩን በገመድ አሰረው፣ ገመዱ ላይ የኮኮናት ቅጠል ጠመጠመበት፣ ራቅ ብሎ ሲያየው በጣም ደስ አለው።

በማግስቱ አንዲት አሮጊት ቱሪስት እግሮቿን አጣብቃ ወደ ጓሮ ስትጣደፍ ገመዱ ፊት ቆመች። ሳኪዩሳ ከኋላዋ ደረሰ።

«እዚህ የባላባቶቹ ቅርስ ነው የተቀመጠው፣ እመቤቴ። እንግዳ አይገባበትም። አያቴ በሞት አልጋው ላይ ሆኖ…»

«እሱ ጥሩ ነው» አለች አሮጊቷ፣ «ግን ሽንት ቤቱ በየት ነው?»

ያን ዕለት ሃያው ደቂቃ ሳይሞላ ሁሉም አውቶቡስ ውስጥ ተመልሰው ገቡ። በማግስቱ ኢኖኬ ከመሪው ወርዶ መጣ፤ የሚወርደው ነገር ሲከብድ ነው።

«ታቫሌ፣ ያችን ሴትዮ ጭቃው ድረስ ማድረስ አልቻልኩም። የሸንኮራ አገዳ እርሻ ውስጥ ነው ያወረድኳት። ሁለት በሬዎች ቆመው ሲያዩአት ነበር። በሩን ክፈት።»

«ጨርቁ በዚህ ወር ይወጣል። ታገስ።»

«እኔ ልታገስ እችላለሁ። አርባ ዓመቴ ነው። እነሱ ሰባ ናቸው።»

«አንተ ስለ ባህል ምን ታውቃለህ፣ ናፍጣ ጠጪ!»

ኢኖኬ ስድቡን ሳይመልስ ወደ መሪው ወጣ። ይህ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነበር፤ ስድብ የማይመልስ ታቫሌ ሐሳቡን የጨረሰ ታቫሌ ነው።

ሱባሽኒና ተቀጥረው የመጡ ሁለት ሴቶች ሦስት መቶውን ልብስ በሦስት ሳምንት ሰፍተው አስረከቡ። የሆቴሉ በዓል ተከበረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ፎጣ አጣፊው፣ ሻንጣ ተሸካሚው፣ መጸዳጃ አጣቢዋ፣ ከመዋኛው ውስጥ ቅጠል የሚለቅመው፣ ሁሉም ኤሊ ለብሰው ወጡ። እውነቱን ለመናገር አማረባቸው። ከሱቁ ደንበኞች ሁሉ ሸሚዙ እንደ እነሱ የተስማማው ሰው አልታየም።

ግሌን የሚባል ከብሪዝበን የመጣ ጡረተኛ የቧንቧ ሠራተኛ የበዓሉ ዋዜማ ዕለት በሳኪዩሳ እጅ ባላባት ተሹሞ ነበር። ከሁለት ቀን በኋላ ሹመቱን ለብሶ ወደዚያው ሆቴል መዋኛ ወረደ። ሐሙስ ዕለት አውቶቡሱ ሱቁ ፊት ሲቆም በሩ ሳይከፈት የሳቅ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ኢኖኬ ማይክሮፎኑን ለግሌን ሰጥቶት ኖሯል።

ግሌን እንባውን እየጠረገ ወረደ፤ ሠላሳው ሰው ከኋላው ተንጋግቶ ወረደ።

«ባላባት ሆይ!» አለ፣ ሳኪዩሳ ፊት ሆዱን ይዞ ጎንበስ ብሎ። «ጉድህን ስማ። ገና ወንበር ስስብ አንዲት ሴት፣ ፎጣ አለችኝ። ሰጠኋት። ባሏ ሁለት ቢራ አዘዘኝ። አመጣሁለት። ከዚያ ሙሽሮች መጡና አራት ሻንጣ አሸከሙኝ፣ ሦስተኛ ፎቅ። አንዲት አሮጊት የመታጠቢያ ቤቴ ቧንቧ ያንጠባጥባል አለችኝ።»

«ታዲያ ምን አደረግክ?» አለ ከኋላው አንዱ፣ መልሱን እያወቀ።

«ጠገንኩት! አርባ ዓመት የሠራሁበት ነገር ነው፣ እጄ አላስችል አለኝ!» አውቶቡሱ በሙሉ አጨበጨበ። ግሌን ኪሱ ገብቶ የሁለት ዶላር ሳንቲም አወጣና የሳኪዩሳን እጅ ከፍቶ አስቀመጠበት። «ጉርሻ ነው የሰጠችኝ። ለአለቃዬ ግብር ላስገባ ብዬ ነው የመጣሁት።»

ሳኪዩሳ ሳንቲሟን አየ። ከዚያ ሠላሳ የሚስቅ ፊት አየ። በዚህ ሰዓት ዝም የሚል ሰው ብልህ ይባላል፤ ሳኪዩሳ ግን ደረቱን ነፋ።

«ይኸው ነው ባህላችን!» አለ። «እውነተኛ ባላባት እንግዳውን ያገለግላል! አያቴ በሞት አልጋው ላይ…»

«እንግዳውማ እኔ ነበርኩ!» አለ ግሌን።

ከዚያ በኋላ የተባለው ነገር በሳቁ ምክንያት አልተሰማም። ማንም ሸሚዝ አልገዛም። ሦስት ሰዎች እንዲያውም ቀድሞ የገዙትን ከሻንጣቸው አውጥተው መለሱ። እግሮቿን ያጣበቀች ሌላ ሴት ወደ ጓሮ ሄዳ ገመዱን አየችና ተመለሰች፤ ሽንት ቤቱ ውስጥ አሁንም ለሚመጣው ወረፋ የታዘዙት አሥር ጣቃዎች ነበሩ።

ዓርብ አራት ሰዓት ሞላ። ሳኪዩሳ አበባውን አስተካክሎ ደጃፉ ላይ ቆሟል። አውቶቡሱ ከማዕዘኑ ብቅ አለ፤ ቀረበ፤ አለፈ። አንድ ሕፃን ከመስኮቱ እጁን አወዛወዘለት።

ቅዳሜም አለፈ። እሑድ አውቶቡስ የለም፤ ቤተ ክርስቲያን ሄዶ ለአውቶቡስ ጸለየ። ሰኞ ጠዋት ሳኪዩሳ ያባቱን የዓሣ አጥማጅ ቀንድ፣ ያንን ትልቁን የባሕር ቀንድ አውጣ ቅርፊት ይዞ፣ አራት ሰዓት ሲሆን መንገዱ መሐል ገባና ነፋው። የሸንኮራ ጭነት መኪናዎች ቆሙ። ሁለት ታክሲዎች ጡሩንባ ነፉበት። የናንዲ ሰፊው ሕዝብ ሮቲ ቂጣውን እንደያዘ ለማየት ወጣ። አውቶቡሱ ከፊቱ መጥቶ ሲጥ ብሎ ቆመ፤ ፍሬን እንዳለው ያን ዕለት ተረጋገጠ።

ኢኖኬ መስኮቱን ከፈተ።

«ውረድ!» አለ ሳኪዩሳ። «ቁም! አንተ ዘመድህን የምትገድል! ውሌ ሊያልቅ ነው፣ ካልቆምክ የሕንፃው ባለቤት ሱቁን ትወስድብኛለች! ታውቃለህ!»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታቫሌ» አለ ኢኖኬ ዝግ ብሎ፤ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ስድብ። «እኔ አሥራ አራት ዓመት እዚህ የቆምኩት ለምን ይመስልሃል?»

«ለታሪኩ ነዋ! ለሸሚዙ!»

«ከሆቴሎቹ እስከ ጭቃው ድረስ ንጹሕ ሽንት ቤት የነበረው አንድ ብቻ ነው። ሱባሽኒ የምታጥበው። ሠላሳ ሰው ለአንድ በር ሲሰለፍ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል፤ ሰው ወረፋ ሲጠብቅ ይሰለቸዋል፣ ሲሰለቸው ሸሚዝ ይገዛል። ይኸው ነው። የማዶው አዳራሽ ስምንት የሽንት ቤት በር አለው፣ እጅ የሚያደርቅ ማሽን አለው። አስጎብኚ ድርጅታችን ባለፈው ሳምንት ከእነሱ ጋር ተፈራረመ። እኔ ነጂ ነኝ።»

ሳኪዩሳ ቀንዱን እንደያዘ መንገዱ መሐል ቀረ። አውቶቡሱ ወደ ኋላ ብሎ፣ ዞሮት ሄደ። ብዙ ወረቀት ያነበቡ ሰዎች የታሪክ ሞተር የመደብ ትግል ነው ብለው ያስተምራሉ። በናንዲ ዋና መንገድ ላይ ግን የታሪክ ሞተር የሞላ ፊኛ ነበር፤ እሱም አሁን ወደ ወንዙ ማዶ እየነዳ ነው።

ሳኪዩሳ በዚያው ሰዓት የሽንት ቤቱን ገመድ በጠሰ። አሥሩን ጣቃ አንድ በአንድ ተሸክሞ አውጥቶ የእግረኛ መንገዱ ላይ ከመረው። ወለሉን በእጁ አጠበ፤ እንዴት እንደሚታጠብ ስለማያውቅ ሱባሽኒ ቆማ አሳየችው። ሳሙናውንና ሁለቱን አበቦች መለሰቻቸው። ከዚያ መሰላል አምጥቶ «የባላባቱ ሸሚዝ» በሚለው ላይ ነጭ ቀለም ደረበበትና፣ ከማንኛውም ሱቅ ሰሌዳ በገዘፉ ፊደሎች «ንጹሕ ሽንት ቤት» ብሎ ጻፈ። ማክሰኞ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሽርጡን ለብሶ፣ አበባውን ሰክቶ፣ በዚህ ሰሌዳ ሥር ተገትሮ ጠበቀ። አራት ሰዓት ሞላ። አውቶቡሱ አለፈ። አንድ ታክሲ ነጂ ገብቶ ተጠቀመና «እግዜር ይስጥልኝ፣ ባላባት» ብሎት ሄደ።

መንገድ ላይ የቀረው ጨርቅ ግን ሥራ ጀመረ። ገበያ የሄዱ ሴቶች እየቆሙ ይዳስሱት ያዙ። «ይህ የሆቴሉ ሴቶች ካላቫታ አይደለም እንዴ? ቫሲሴቫ የለበሰችው?» የአንድ መንደር መዘምራን መጡ። ሠርግ ያለባቸው መጡ። ሽማግሌያቸው የሞተባቸው ስድሳ ሰው ሆነው መጡ። ሳኪዩሳ በልማዱ ጀመራቸው።

«ይህ ኤሊ ተራ ኤሊ አይደለም፤ ባላባት ብቻ…»

«ሳኪ፣ ያባትህን መንደር እናውቀዋለን እኮ» አለችው አንዷ፣ ሌሎቹ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ሳቁ። «ሜትሩ ስንት ነው?»

«ባላባት በሜትር አይሸጥም!»

«እንግዲያው ወዲያ በል፣ ሱባሽኒን እናናግራት።»

የገና በዓል ሲቃረብ የሕንፃው ባለቤት መጣች። አራት ሰዓት ላይ ቆማ አውቶቡሱ ሲያልፍ አየች፤ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ዞር ስትል ከበሩ ጀምሮ እስከ ጎረቤቱ ሱቅ የተሰለፉ ሴቶችን አየች፤ አንዳቸውም ቱሪስት አይደሉም።

«ማንን ነው የምትጠብቁት?» አለቻቸው።

ወረፋው በሙሉ ሳኪዩሳን አልፎ መጋረጃውን አመለከተ። ስልክ ጠጋኞቹ ቤቱን ሳያገኙ ቀሩ፤ ውሉን ሱባሽኒ ፈረመች።

ያን ዕለት ሳኪዩሳ ሸበጡን ከባንኮኒው ሥር ሲፈልግ ሱባሽኒ መጋረጃውን ገልጣ መጣች። መጋረጃው ከዚያ ወዲያ አልተመለሰም።

«እዚሁ ቅር» አለችው። «ሰው ትለካለህ። አፍህ ጥሩ ነው፣ የሚለካ ሰው ሲስቅ ሆዱን አይደብቅም። ልኬቱ ትክክል ይሆናል።»

«እኔ ሜትር አንገቴ ላይ አላንጠለጥልም፣ ሱባሽኒ።»

«ኧረ ተው፣ ሳኪ።»

«አላንጠለጥልም አልኩ።»

ይህን ስትሰማ አልተሳለቀችበትም። ሸበጡን ከጣቃዎቹ ሥር ስባ አውጥታ ሰጠችው። የተበጠሰውን ማሰሪያ ሰፍታው ነበር።

ሥራ ያገኘችለት አክስቱ ቫሲሴቫ ናት፤ አሁን ተራው የእሱ ሆኖ ወለል ላይ ተቀምጦ አጨበጨበላት። የሆቴሉ መግቢያ ላይ ይቆማል። ሽርጥ፣ አበባ፣ ሰማያዊ ሸሚዝ፤ ምንም የተለወጠ ነገር የለም፤ ኤሊው ላይ የስሙ ምልክት ከመለጠፉ በቀር። ጎሳው ለዘመናት ሲያደርግ እንደኖረው የተያዘውን ተሸክሞ ለባለቤቱ ያስረክባል። ሻንጣው ከኤሊ የሚለየው ጎማ ስላለው ነው።

ባለፈው ወር የኢኖኬ አውቶቡስ ከአውሮፕላን ማረፊያ ጭኖ መጥቶ ደጃፉ ላይ ቆመ። አዎ፣ ቆመ፤ በየቀኑ ይቆማል።

«ባላባት!» ብሎ ጮኸ ኢኖኬ ከመሪው ላይ፤ ከታረቁ ቆይተዋል። «ና ሻንጣ! አሥራ ሁለት ነው፣ አንዱ አስከሬን ያለበት ይመስለኛል!»

«ያንተ ፍሬን ይሆናል የሞተው፣ ናፍጣ ጠጪ!»

አንዲት ሴት መጀመሪያ ወረደች፣ ከረጅም በረራ ያበጠ ዓይኗን እያሸች። ሳኪዩሳ ሁለት ሻንጣ በሁለት እጁ እንዳንጠለጠለ ሴትየዋ ሸሚዙን አየች።

«ውይ፣ ሲያምር!» አለች። «ይህ ኤሊ ትርጉም አለው?»

ሳኪዩሳ ሻንጣዎቹን መሬት ላይ አስቀመጠ። አበባውን አስተካከለ። ደረቱን ነፋ።

«ይህን ኤሊ ተራ ኤሊ እንዳታደርጊው» አለ። «በአገራችን ኤሊ የሚበላው ባላባት ብቻ ነው። አያቴ በሞት አልጋው ላይ ሆኖ እጄን ጨብጦ…»

ሴትየዋ አንድ እግሯን በሌላው ላይ አጣበቀች።

«ይቅርታ» አለችው፣ «ሽንት ቤቱ በየት ነው?»